ፍራሽ ሻጩ ወለል ሲፈልግ

ሸምሱ የሚባል ሰው ሀይሌ ጋርመንት አደባባይ አጠገብ ፍራሽ ይሸጣል። በሱቁ ፊት ለፊት ያለፈ ሰው ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደረ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ስፖንጅ ያያል፤ ከስፖንጁ መሀል ደግሞ አንድ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ቆሞ የሚውል ሰው። ቆሞ የሚውለው ታታሪ ስለሆነ አይደለም። ከተቀመጠ በኋላ መነሳት ስለሚቸግረው ነው። ወገቡ ከደረቀ ሁለት ዓመት አልፎታል። ደንበኞቹ ይህን አያውቁም። "ይሄኛው ለወገብ ጥሩ ነው?" ብለው ሲጠይቁት "በጣም ጥሩ ነው" ይላቸዋል። ውሸትም አይደለም፤ ለእነሱ ወገብ ጥሩ ነው።

ከስልጤ ገጠር አዲስ አበባ የገባው በአሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። መርካቶ ውስጥ ፍራሽ በጭንቅላቱ ይሸከም ነበር። በአንድ ጊዜ አራት ስለሚጭኑበት እሱ ራሱ ከሥር አይታይም፤ ፍራሹ በራሱ እግር አውጥቶ የሚሄድ ይመስል ነበር። ከዚያ የራሱን ሱቅ ከፈተ፣ አገባ፣ ስድስት ልጆች ወለደ። አሁን ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው።

ወገቡ የያዘው መስጂድ ውስጥ ነው። አንድ ቀን በቀትሩ ሶላት፣ ዙህር ላይ፣ እንደማንኛውም ሰው ሱጁድ ወርዶ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ አደረገ። ኢማሙ "አላሁ አክበር" ሲሉ ሰው ሁሉ ተነሳ፤ ሸምሱ ቀረ። ሁለተኛም ተባለ፤ ሸምሱ እዚያው ነበር። ሶላቱ አልቆ ሰው መበተን ሲጀምር ሁለት ጎረምሶች በብብቱ ሥር ገብተው አነሱት። ከዚያ ቀን ወዲህ ከመጨረሻው ረድፍ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሰግዳል።

ወንበር ላይ ሱጁድ ማለት ጎንበስ ማለት ነው። ከግንባሩ እስከ ምንጣፉ አንድ ሜትር ያህል ይቀራል። ሸምሱ ደግሞ የቆየ ልማድ ነበረው፤ ግንባሩ መሬት ሲነካ ስድስቱን ልጆቹን ከትልቁ ጀምሮ በየስማቸው በልቡ እየጠራ ዱዓ ያደርግላቸዋል። ወንበር ላይ ሆኖ ሞከረው። ሁለተኛው ልጅ ላይ ሲደርስ ሐሳቡ ወደ ሱቅ ይሄድበታል። የመስጂዱን መምህር፣ ኡስታዙን፣ ጠየቃቸው።

"የታመመ ሰው ሶላት ሙሉ ነው፤ አትጨነቅ" አሉት።

አልተጨነቀም። ስሞቹ ግን አልመጡም።

ከጎኑ ባለው ወንበር ላይ የቧንቧ ዕቃ ነጋዴው ያሕያ ይቀመጣል። የያሕያ ችግር ጉልበት ነው፤ አይታጠፍለትም፤ በከዘራ ነው የሚሄደው።

"እኛ ቪአይፒ ነን" ይላል ያሕያ፤ "ሌላው መሬት ላይ ይንከባለል።"

ሸምሱ አይስቅም።

"ለምን አትስቅም? ወንበሩ ቆረቆረህ? ታዲያ ፍራሽ ነጋዴ አይደለህ እንዴ፣ ስፖንጅ ቆርጠህ አምጣና ለሁለታችንም አድርግልን።"

ሸምሱ በማግስቱ ቆርጦ አመጣ። ወንበሩ ተመቸ። ይህ ደግሞ የባሰ ሆነ፤ የተመቸው ሰው ከተቀመጠበት እንደማይነሳ ከሥራው ያውቃል።

ሐኪም ዘንድም ሄዶ ነበር። ሐኪሙ የወገቡን ፎቶ ብርሃን ላይ አድርጎ ካየ በኋላ "ዲስክዎ ደህና ነው፤ የደረቀው ጡንቻዎ ነው። ይንቀሳቀሱ" አለው።

"ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው" አለ ሸምሱ።

"መቆም መንቀሳቀስ አይደለም።"

ፍል ውሃ ሄደ፣ ታሸ፣ ቅባት ተቀባ። ሁሉም ያሽለው ነበር፤ ታክሲ ውስጥ እስኪቀመጥ ድረስ።

ኅዳር ላይ፣ ረመዳን ሦስት ወር ሲቀረው፣ ፋርማሲ የምትሠራው ሦስተኛ ልጁ ሰሀር አንድ ወሬ ይዛ መጣች። ያለፈውን ረመዳን አባቷ ሠላሳውንም ቀን ወንበር ላይ ሲያሳልፍ፣ ከተራዊህ፣ ከረመዳን የሌሊት ሶላት፣ ሲመለስም ከማንም ጋር ሳይነጋገር ሲተኛ አይታለች።

"አባ፣ ለቡ መብራት ኃይል አንድ ቤት አለ። ክፍሉን በማሞቂያ ያሞቁትና እዚያ ውስጥ ስፖርት ይሠራሉ። ፓወር ዮጋ ይባላል። ለጀማሪ ክፍል አላቸው።"

"ስቲም ነው?"

"ስቲም አይደለም። ስቲም ውስጥ ትቀመጣለህ። እነዚህ አያስቀምጡህም።"

"ዮጋ የሂንዶች ሶላት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።"

"ሂድና ጠይቃቸው።"

ሸምሱ ለሚስቱ ሐኪም ተንቀሳቀስ ስላለው ሙቀት ያለበት ቤት ሊሄድ እንደሆነ ነገራት። ውሸት የለበትም። "ፎጣ ያዝ" አለችው።

ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሕንፃው ሊፍት አለው፤ ሲሠራ ያየው ሰው ግን የለም። ሸምሱ በየፎቁ እያረፈ ወጣ። አስተማሪዋ ናዝሬት የምትባል፣ ፀጉሯን አናቷ ላይ የጠቀለለች፣ የሰሀር እኩያ የምትሆን ልጅ ናት።

"እዚህ የሚሰገድለት ነገር አለ?" አላት፣ ሰላምታ እንደጨረሱ።

"የለም ጋሼ። ስሜ እኮ ናዝሬት ነው። እዚህ ጣዖት አለ ብትባል እናቴ በጥፊ አጩላ ነው ወደ ቤት የምትመልሰኝ።"

መልሱ አጠገበው። ቀጥሎ ናዝሬት የሚሠራበትን ምንጣፍ አሳየችው። ሸምሱ ጠርዙን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ይዞ አሸት አደረገው።

"ይሄ ስንት ሚሊ ነው?"

"ስድስት።"

"ስድስት ሚሊ ላይ ሰው አይተኛም።"

"አንተኛም ጋሼ።"

ሸምሱ ግን የሙያ ክብር አለው። ሱቁ ተመልሶ ጠንካራ ከሚባለው ስፖንጅ፣ ውፍረቱ አሥር ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ ሁለት ሜትር ቆረጠ። ቡናማ ከፋይ አለበሰው፤ ዚፕ አሰፋለት። ቅዳሜ ጠዋት በታክሲ አናት ላይ አስጭኖ ወሰደውና በትከሻው ይዞት አራት ፎቅ ወጣ።

ክፍሉ ውስጥ ዘጠኝ ሰው ነበር። አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። ሸምሱ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ወደ ኋላ ጥግ ሄደ። እዚያ ወጋየሁ የሚባል ጡረተኛ አገኘ፤ ድሮ ቀበሌ መዝገብ ቤት የሠራ፣ መነጽሩ በሙቀቱ ጉም የለበሰ ሰው።

ወጋየሁ መነጽሩን ጠርጎ ፍራሹን ከላይ እስከ ታች አየው። "ወንድሜ፣ ሊያድሩ ነው?"

"ወገቤን አሞኝ ነው።"

"እኔም አሞኝ ነው። ግን ትራስ እንኳ አላመጣሁም።"

ሙቀቱ ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ነው። የዳቦ ቤት ምድጃ ፊት የቆመ ሰው ያውቀዋል። ሸምሱ ሙሉ ቱታ፣ ከሥሩ ሸሚዝ፣ በእግሩ ካልሲ፣ በራሱ ላይ ኮፍያ አድርጎ ነበር። ገና ምንም ሳይሠራ ላቡ በጀርባው ይወርድ ጀመር።

"እሺ፣ በፀሐይ ሰላምታ እንጀምራለን" አለች ናዝሬት።

ሸምሱ እጁን አወጣ።

"አቤት ጋሼ?"

"ለፀሐይ ሰላም አልልም።"

ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ጥግ ዞሮ አየው።

"ስሙ ነው እንጂ ወገብ ማፍታቻ ነው።"

"እንግዲያስ ስሙን ቀይሪው።"

"ምን ልበለው?"

"ቁጥር ስጪው። እኛ ፍራሽ በቁጥር ነው የምንሸጠው።"

ናዝሬት ትንሽ አሰበችና "አንድ ቁጥር" አለች። ወጋየሁ ከጉም ውስጥ ሆኖ "እኔንም ሲከነክነኝ ነበር" አለ። በዚሁ ጸደቀ።

አንድ ቁጥር እጅን ወደ ላይ አንስቶ፣ ከወገብ ታጥፎ፣ ጣትን መሬት ማስነካት ነው። የሌሎቹ ጣት መሬት ነካ። የሸምሱ ጉልበቱ ላይ ቆመ። ሁለት ቁጥር ላይ እግሩ ስፖንጁ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሰመጠ። አራት ቁጥር በአንድ እግር መቆም ነበር፤ ሦስት ጊዜ ቆመ፣ ሦስት ጊዜ ወደቀ። ከክፍሉ ሰው ሁሉ መውደቅ የማያሳምመው እሱን ብቻ ነው። ሦስተኛው ላይ ሁለት ሊትር ውሃ የያዘ ፕላስቲኩን በእግሩ ገለበጠው። ሊያነሳው ጎንበስ እስኪል ድረስ ስፖንጁ ምንም ድምፅ ሳያሰማ ጠጥቶ ጨረሰው።

ሲጨርሱ ፍራሹ አልነሳ አለ። የሁለት ሊትር ውሃና የአንድ ሰው ሙሉ ላብ ተሸክሟል። ወጋየሁ አንዱን ጫፍ ያዘለት። ሁለቱ ሰዎች የሚንጠባጠበውን ፍራሽ መሀል ላይ አጋድመው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ቀስ እያሉ ደረጃውን ወረዱ። በር ላይ ዘበኛው ከመቀመጫው ተነስቶ ባርኔጣውን አወለቀ።

ሸምሱ ፍራሹን ሱቁ ፊት ፀሐይ ላይ አሰጣው። በሁለተኛው ሳምንት ይዞት ሄደ። በሦስተኛውም ይዞት ሄደ። በአራተኛው ናዝሬት በር ላይ ጠበቀችው።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ፍራሹ ከዛሬ ጀምሮ አይገባም።"

"ለምን?"

"አንደኛ ይሸታል።"

"እሺ።"

"ሁለተኛ፣ እግርዎ ወለሉን አላገኘውም። ይሄ ሥራ ወለሉን እየገፉ ነው። ስፖንጁን ሲገፉት ይሰምጣል፤ እርስዎም አብረውት ይሰምጣሉ። ወለሉ ግን አይሰምጥም።"

ሸምሱ ፍራሹን ዘበኛው ጋ አስቀምጦ ገባ። ነገሩ ቀኑን ሙሉ ከአእምሮው አልወጣም። ሰውና መሬት እንዳይገናኙ በማድረግ ነው ስድስት ልጅ ያሳደገው። አሁን በስተርጅና አንዲት ልጅ ተነስታ የጎደለህ መሬቱ ነው ትለዋለች። ደስ አላለውም። ግን ስድስት ሚሊው ምንጣፍ ላይ በዚያ ቀን አራት ቁጥርን በአንድ እግሩ እስከ ስምንት ቆጥሮ ቆመ። ከዚያ ወደቀ። አሳመመው።

ታኅሣሥን እንዲህ ገፋ። ረቡዕና ቅዳሜ ጠዋት ይሄዳል፤ ላቡ ሲደርቅ ሱቁን ይከፍታል። ቱታው ቀለለ፣ ካልሲው ወለቀ፣ ኮፍያው ግን አልወለቀም። የእጁ ጣት ከጉልበት ወደ ባት፣ ከባት ወደ ቁርጭምጭሚት ወረደ። አንድ ረቡዕ መብራት ጠፍቶ ክፍሉ ቀዘቀዘ፤ ናዝሬት "ሹራባችሁን ሳታወልቁ እንሥራ" አለች፤ የሸምሱ ጣት ተመልሶ ጉልበቱ ላይ ቆመ። ወጋየሁ "ከመብራት ኃይል ጋር ነው የታሠርነው" አለው። ቅዳሜ መብራት ሲመጣ ጣቱም ወረደ።

ጥር አጋማሽ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ሁሉም ሰው ከዛለ በኋላ ናዝሬት እንደ ልማዷ "የደከመው ተንበርክኮ ይረፍ፤ ግንባር ወደ ወለል" አለች። ሸምሱ እስከዚያ ቀን ድረስ ሁለት እጁን ጨብጦ አንዱን በአንዱ ላይ ደርቦ ግንባሩን እዚያ ላይ ነበር የሚያሳርፈው። የዚያን ቀን እጁ ስለዛለ አልደረበም። ዝም ብሎ ወረደ። ወረደ፣ ወረደ፣ ግንባሩ አንድ ነገር ነካ። ወለሉ ነው።

አልተንቀሳቀሰም። ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። የትልቁ ልጁ ስም አፉ ላይ መጣ። ሊቀጥል ሲል አንድ ነገር ትዝ አለውና ቀና ብሎ በመስኮቱ አየ። ከፊቱ ያለው ፉሪ ተራራ ነው። ፉሪ ደግሞ በደቡብ በኩል ነው። ሁለት ዓመት ሲጠብቀው የኖረው ነገር ጀርባውን ለቂብላ፣ በሰሜን በኩል ላለችው ለመካ፣ ሰጥቶ ሳለ መጣበት።

ተናደደ። ማንን እንደተናደደ ግን አላወቀም። ረቡዕ ሲመጣ ምንጣፉን ወደ ሰሜን አዙሮ ዘረጋ። ክፍሉ በሙሉ ወደ መስኮቱ ሲያይ እሱ ብቻ ወደ ኋላ ግድግዳ ዞረ፤ እዚያ ደግሞ ግድግዳውን ተጠግቶ የቆመው ወጋየሁ ነው። ተፋጠጡ።

"ምን አደረግኩህ?" አለ ወጋየሁ። "አንቱ" መባባሉ ቀርቶ በ"አንተ" መጠራራት ከጀመሩ ቆይተዋል።

"ምንም። ወደዚህ ይሻለኛል።"

"አንድ ሰዓት ሙሉ እያየኸኝ ልትሠራ ነው?"

"ዓይንህን ጨፍን።"

ወጋየሁ መነጽሩን አወለቀ። ያለ መነጽር አያይም፤ በዚህ ተስማሙ።

አሁን የቀረው መስጂዱ ነው። ኡስታዙን አልጠየቃቸውም፤ መልሱን ያውቀዋል። መውረድ የሚችል ሰው ወንበር አይፈቀድለትም። ሸምሱ ግን መውረዱን እንጂ መነሳቱን እርግጠኛ አልነበረም። ሱቁን ከውስጥ ዘግቶ በፍራሾቹ መሀል ባለችው ጠባብ ሲሚንቶ ላይ ሞከረ። ወረደ፤ ግንባሩ ነካ። ሲነሳ ግን የሚያውቀው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ሦስት ቁጥር። እጁን መሬት ላይ ተክሎ፣ ቂጡን ወደ ላይ አንስቶ፣ በእጁ ወደ እግሩ እየዳኸ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ቀና ማለት። ለቡ ላይ ሁሉም ሰው እንዲህ ስለሚነሳ አያሳፍርም። መስጂድ ውስጥ ግን ከአምስት መቶ ሰው እንዲህ የሚነሳ አንድ ሰው ብቻ ይሆናል።

ደግሞ ተመልሶ ቢቀርስ? ሁለት ጎረምሶች በብብቱ ገብተው ሲያነሱት ዳግመኛ ከሚታይ ወንበሩ ይሻለዋል። ባይቀርስ? ሁለት ዓመት ሙሉ አስመስሎ ነው ይሉታል። አሥር ቀን እንዲህ ሲያወጣ ሲያወርድ ሱቁ ውስጥ ብቻውን ሰገደ። በአሥራ አንደኛው ቀን ስለ ግድግዳው አሰበ። የወንበሮቹ ረድፍ የመጨረሻው ነው። ከኋላው ሰው የለም፤ ግድግዳ ነው ያለው።

ረመዳን ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው ለከሰዓቱ ሶላት፣ ለአሱር፣ መስጂድ ሄደ። ወንበሩን ወደ ግድግዳው ገፋ አደረገና ከፊቱ ቆመ።

ያሕያ ከጎኑ ሆኖ አየው። "ተቀመጥ እንጂ፣ ሊጀምሩ ነው።"

"ዛሬ እቆማለሁ።"

"ከቆምክ በኋላስ?"

"እወርዳለሁ።"

"ከወረድክ በኋላስ?"

ኢማሙ ጀመሩ።

መጀመሪያ ሲወርድ ጉልበቱ ሲንቋቋ ያሕያ ሰማው። ግንባሩ ምንጣፉን ነካ። ምንጣፉ አቧራና ሰው ሰው ይሸታል። ሦስት ጊዜ "ሱብሓነ ረቢየል አዕላ" እንዳለ ኢማሙ ተነሱ፤ ለስም ጊዜ አልነበረም። ሁለተኛውን ወርዶ መነሻው ሲደርስ እጁን ተከለ፣ ቂጡን ወደ ግድግዳው አነሳ፣ ዳኸ፣ ቀና አለ። ኢማሙን ያገኛቸው ሰው ሁሉ ቆሞ ከቆየ በኋላ ነው። ግድግዳው ምንም አላለም። በሁለተኛው የሶላት ዙር፣ በሁለተኛው ረከዓም፣ ተነሳ። ሦስተኛው ላይ ጭኑ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ላቡ እንደ ለቡው ቤት ይወርድ ጀመር፤ እዚህ ግን የሚያሞቅ ነገር የለም። ናዝሬት ቢሆን "ይተንፍሱ ጋሼ" ትለው ነበር። ተነፈሰ። ተነሳ።

በአራተኛው ረከዓ የመጨረሻውን ሱጁድ ኢማሙ አስረዘሙት። ከዚህ በኋላ መቆም የለም፤ መቀመጥ ብቻ ነው። ሸምሱ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ አሳርፎ ከትልቁ ጀመረ። ሁለተኛውን ጠራ፤ ሐሳቡ ወደ ሱቅ አልሄደም። ሰሀርን ጠራ። አራተኛውን እንደጠራ "አላሁ አክበር" ተባለ። የቀሩትን ሁለቱን ለምሽቱ ሶላት፣ ለመግሪብ፣ አቆያቸው።

ሰላምታው ተሰጥቶ ሶላቱ አለቀ። ሰው በፊቱ እያለፈ ወደ ጫማው ሄደ። ሁለት ጎረምሶች አዩት፤ እዚያው መቀመጡን አይተው ቆም አሉ፤ እጁን አወዛወዘላቸው፤ ሄዱ። ሸምሱ ግድግዳውን ሳይደገፍ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብሎ ቀረ። ለመነሳት አልቸኮለም።

ያሕያ ከወንበሩ ላይ ሆኖ ቁልቁል አየው። ለሁለት ዓመት ጎን ለጎን እንጂ እንዲህ ከላይና ከታች ሆነው አያውቁም። አንድ ሁለቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ቀልድ እየፈለገ ይመስል ነበር፤ አላገኘም።

"ሸምሱ።"

"እ?"

"ከዘራዬ ወድቋል። ከወንበሩ ሥር ገብቷል መሰለኝ። እኔ አልደርስበትም፤ አንሳልኝ።"

ሸምሱ ጎንበስ ብሎ እጁን ከወንበሩ ሥር ሰደደ፣ ከዘራውን አወጣና አቀበለው።